መረዋና የድንጋይ ደወል፦ ከኮሎኝ እስከ ጣና

የምኖረው ጀርመን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ማታ የእሑድን መግባት የሚያበስሩት የቤተ ክርስቲያን ደወሎች ትንሿ ቀድማ፣ ትልቋ በመጨረሻ እየገባች አንድ በአንድ ሲቀላቀሉ፣ የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ ማዳመጥ ልማዴ ሆኗል። መንገደኛው ግን ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ደወል ሲሰማ ባለበት ቆሞ በሚያማትብ፣ ነጠላውን በሚያስተካክል ሕዝብ መካከል ላደግሁት ለእኔ ይህ ዝምታ ለብዙ ጊዜ ንቀት ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ ያሳለፍኩት ግማሽ ቀን ነው።

አብሬው የወጣሁት ሰው ሥራው ደወል መመርመር ነው። ባለ ሁለት ጣት መቃኛ ብረቱን መትቶ የብረቱን እግር በደወሉ ከንፈር ላይ ያሳርፋል፤ ቃናው ሲገጥም ያ ሁሉ ነሐስ ማንም ሳይመታው በለሆሳስ ማጉረምረም ይጀምራል። እጄን ሳስቀምጥበት ንዝረቱ በመዳፌ ተሰማኝ። አንድ ደወል አንድ ድምፅ ብቻ እንደሌለው ያስረዳኝ ያን ጊዜ ነው፤ ከዋናው ቃና በታችም በላይም ሌሎች ድምፆች ይወጣሉ፣ ለደወል ያንን የሐዘን ቀለም የሚሰጠውም ከእነዚህ መካከል በሙዚቃ ማይነር ሦስተኛ የሚባለው ነው። የደወል ነሐስ ከመቶ 80 ያህሉ መዳብ፣ 20 ያህሉ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ሲያንስ ድምፁ ይደበዝዛል፤ ሲበዛ ደግሞ ደወሉ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ሰውዬው ይህን እየነገረኝ የደወሉ ምላስ፣ ማለትም ከውስጥ የሚመታው ብረት፣ የሚያርፍበት ቦታ ምን ያህል እንደተበላ ለካ፣ ቃናዎቹን ጻፈ፣ በደወሉ ትከሻ ዙሪያ ያለውን ጽሕፈት ገለበጠ።

ጀርመኖች ይህን ያህል መጠንቀቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የኮሎኝ ካቴድራል በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ 27 ቶን የሚመዝን የንጉሠ ነገሥቱ ደወል ነበረው፤ የተሠራውም ከፈረንሳይ ጦር ከተማረኩ 22 መድፎች ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1918፣ ያው ደወል ለጦር መሣሪያ ሲባል ተሰባብሮ ቀለጠ። ከመድፍ የመጣው ብረት ወደ ጦርነት ተመለሰ ማለት ነው። አሁን እዚያ የሚሰማው የኮሎኝ ሰዎች «ወፍራሙ ጴጥሮስ» የሚሉት፣ በ1923 የተሠራው 24 ቶኑ ደወል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የናዚ መንግሥት ከጀርመንና ከያዛቸው አገሮች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደወሎችን አውርዶ አቀለጠ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ሳይቀልጡ የቀሩት በሃምቡርግ ወደብ ተከምረው ተገኙ። ቦታውን «የደወል መቃብር» ብለውታል። ደወሉን አጥቶ ያየ ሰው ነው ዛሬ እንዲህ የሚመዘግበው።

በአገራችንም መድፍና ነሐስ ታሪክ አላቸው። ስለ አገር ቤት የብረት ማቅለጥ ሲነሣ ሁላችንም የምንጠራው ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትንና እስከ መቅደላ ያስጎተቱትን ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ነው። በዚያ መጠን በአገራችን የተቀረጸ ደወል አላውቅም፤ በየአድባራቱ ያየኋቸው ትልልቅ መረዋዎች፣ የነሐስ ደወሎቹ ማለቴ ነው፣ ትከሻቸው ላይ የባዕድ ፊደል የተቀረጸባቸው ናቸው። ይህ ግን ደወልን ከሌላ ተውሰናል ማለት አይደለም። ነሐስ ባልደረሰበት ቦታ አባቶቻችን የሚጮህ ድንጋይ ፈልገው፣ ጠርበው፣ በገመድ አንጠልጥለው ደውለዋል። በግእዝ ደወል «መጥቅዕ» ነው፤ ይህ ቃል አበቅቴ ከሚባለው ሌላ ቁጥር ጋር በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ውስጥ ገብቶ የጾመ ነነዌን መግቢያ ይወስናል። የዘመን ስሌቱን በደወል ስም የሚጠራ ሕዝብ ለደወል ምን ያህል ክብር እንደሰጠ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገኝም። ድምፁ ያማረ ሰው ስናገኝም እስከ ዛሬ «መረዋ ድምፅ» እንላለን።

ልዩነቱ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። ጀርመን ውስጥ ደወል የፍርድ ቤት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሷል፤ የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤቱ በ1983 ለጸሎት የሚደወለው ደወል በመርሕ ደረጃ ጎረቤት ሊታገሠው የሚገባ ነው ሲል ፈርዷል፣ ሰዓት ብቻ የሚቆጥረው ግን በ1992 በድምፅ ብክለት ሕግ እንደሚዳኝ ተወስኗል። የሚሰማው ጥቂት ቢሆንም ዕቃው በጥንቃቄ ይያዛል። እኛ ዘንድ የሚሰማው ብዙ ነው፣ ዕቃው ግን ባለቤት ያጣ ይመስላል። የድምፅ ማጉያው ከገባ ወዲህ የድንጋይ ደወሎች ገመዳቸው ተበጥሶ አጥር ሥር ወድቀው አይቻለሁ፤ አንዱ ለልብስ ማጠቢያ ሲያገለግል አገኘሁት። ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ ሌላ ይገዛል። ያ ድንጋይ ከተሰበረ ግን ቃናው አብሮት ይጠፋል።

ባለፈው ወደ አገር ቤት ስመለስ ከጣና ደሴቶች ወደ አንዱ ተሻገርኩ። ደወሏ ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠለች ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት። ዲያቆኑ መምቻዋን ጠጠር አቀበለኝና አንድ ቦታ ብመታ ደረቅ ድምፅ ብቻ ሰጠችኝ። «እዚያ አይደለም፣ አፏ ይሄ ነው» ብሎ ጣቴን ወሰደልኝ፤ አውራ ጣቴ ሙሉ በሙሉ የሚገባበት፣ እንደ ሙቀጫ የለሰለሰ ጎድጓዳ ነበር። እዚያ ላይ ስመታት ድምፅዋ በውኃው ላይ ሄደ። ስንት ዘመኗ እንደሆነ ብጠይቀው አያቱም እዚያው ጎድጓዳ ላይ ይመቷት እንደነበር ነገረኝ፤ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ጎድጓዳውን በክር ለካሁት፣ ድምፅዋን በስልኬ ቀዳሁ፣ ልኬቱንና ቀኑን በወረቀት ጽፌ ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ አባ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም አጣጥፈው ከግንዘት መጽሐፉ መካከል አስቀመጡት።