የዘፈነው ሌላ፣ ያላበው እሱ

ድሬዳዋ ውስጥ ዲጄ ለመሆን ላፕቶፕ፣ ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫና ወቀሳ የሚችል ትከሻ ያስፈልጋል። ሁለቱ ታይዋን ገበያ ይሸጣሉ፤ ሦስተኛው የሚገኘው ግን ሰርግ ቤት ብቻ ነው። የሰፈራችን ዲጄ ሦስቱንም አሟልቶ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አንድ ጆሮውን ሸፍኖ፣ ሌላውን ገልጦ፣ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ እየዘረጋ ሲዘል ያዩ አንዲት የጎረቤት እናት፣ «አቦ፣ የዘፈነው ሌላ፣ ያላበው እሱ!» ብለው ሙያውን ጠቅልለው አስረድተውናል።

ነገሩ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ዲጄዎች የሚያጫውቱት ሀውስ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ ስልት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ሲያድግ፣ ስሙን ያገኘው ፍራንኪ ነክልስ ሸክላ ያጫውትበት ከነበረው ዌርሃውስ ከተባለ ጭፈራ ቤት እንደሆነ ይነገራል። ስልቱ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 የሚደርስ፣ አራት አራት እየሆነ የሚደለቅ እኩል ምት አለው። ሁለት ዘፈኖች ፍጥነታቸው ከተስተካከለ አንዱ ሌላው ላይ ስለሚደረብ፣ ጨፋሪው የቱ አልቆ የቱ እንደጀመረ ሳያውቅ ያነጋል፤ የዲጄው ጥበብም ያረፈው በዚሁ ላይ ነው። እዚያ አገር ዲጄው ያዛል፣ ሕዝቡ ይታዘዛል።

ድሬዳዋ ላይ ትእዛዙ የሚመጣው ከወዲያ ነው። ሙሽራዋ ከሳቢያን፣ ሙሽራው ከመጋላ ሆነው፣ በሁለቱ ወገን ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራውና ጉራጌው ተጋብቶና ተዋልዶ በሞላበት ድንኳን ውስጥ፣ ዲጄው የሚያስተካክለው ምት ሳይሆን ዘመድ ነው። ችክችካው በሦስት በሦስት የሚቆጠር ስለሆነ ከአራቱ ድለቃ ጋር አልታረቅ ብሎት ላብ ሲያጠምቀው፣ የሙሽራው አክስት ስልካቸውን አውጥተው ሰዓት ይይዙበታል። «የጉራጌው ዘጠኝ ደቂቃ ሄዷል፤ የሶማሌው በአራተኛው ደቂቃ ለምን ተቆረጠ?» ብለው ሲጠይቁት፣ የዘፈኑ ርዝመት እንደዚያ እንደሆነ ማስረዳት አይበጀውም፤ መልሶ ከመጀመሪያው መክፈት ነው። እንደኔ እንደኔ፣ በጀት የሚያከፋፍሉ ሹማምንት አንድ ቅዳሜ ከዚህ ልጅ ጎን ቆመው ቢውሉ ሥልጠና ይቆጠርላቸው ነበር።

ሙቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። ላፕቶፑ ሲግል ዘፈን እየጎተተ ስለሚያስቸግር፣ ዲጄው ለሙሽራዋ አያት የተደረገውን ቬንትሌተር ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ጠረጴዛ ያዞረዋል። ይህ ድርጊት ሁለቱን ቤተሰቦች በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ድምፅ አድርጓቸዋል።

ልጃችን ዲጄ ብቻ ሳይሆን ፕሮዲዩሰርም ነው፤ ማለትም ሰው ያልጠየቀውን ሙዚቃ ክፍሉን ዘግቶ ያቀናብራል። ዲጄም ድምፃዊም የሆነው ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያ አልበሙን አውጥቶ አገሩን ካስጨፈረ በኋላ ወላጆች ለዚህ ሥራ የነበራቸው ንቀት ረገብ ስላለ፣ እናቱ አሁን በሩን የሚያንኳኩት ለምሳ ብቻ ነው። የከተማዋን ድምፅ ሙዚቃው ውስጥ ማስገባት ፈልጎ፣ ድሬዳዋን በ1895 ዓ.ም. የቆረቆራትን የባቡር ፉጨት ሊቀዳ ለገሀር ቢሄድ፣ የድሮው ባቡር እንደ ልብ የሚሰማ አልሆነም፤ አዲሱ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የባጃጅ ጡሩንባ ቀድቶ፣ አዘግይቶና አወፍሮ፣ መርከብ ወደብ የገባ አስመሰለው። ይህን አንድ ድምፅ ለማበጀት ሳምንት ፈጀበት፤ ባለ ባጃጁ ግን የራሱን ጡሩንባ ሲሰማ መንገድ ለቀቀ።

የመጀመሪያ አድማጮቹ የበርጫ ጓደኞቹ ናቸው። ከቀትር በኋላ ምርቃናው ሲመጣ ሙዚቃው ዓለምን እንደሚያናውጥ በሙሉ ድምፅ ይወሰናል፤ አንዱ ማናጀር፣ አንዱ ሒሳብ ሹም ይሆናል፤ የአውሮፓው ጉዞ እስከ ሆቴሉ ይያዛል። ጨብሲ ሰዓት ላይ ማናጀሩ የባጃጅ ሂሳብ ከዲጄው ይበደራል።

ያም ሆኖ ባለፈው ሰርግ ላይ ልጁ ደፈረና የራሱን ሥራ ከፈተ። የዚህ ሙዚቃ ወጉ ድለቃው እየፈጠነና እየጋለ ሄዶ ጫፍ ሲደርስ ለአፍታ ጸጥ ማለት፣ ከዚያም ድሮፕ የሚሉት ምት ከነሙሉ ጉልበቱ መውረድ ነው። ድለቃው ጋለ፤ ልጆች ዘለሉ፤ ዲጄው እጁን ሰቀለ፤ ሙዚቃውም ጸጥ አለ። በዚያች አፍታ ከድንኳኑ ጥግ «መብራት ሄደ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አምፖሎቹ ሁሉ እየበሩ መሆናቸውን ያስተዋለ አልነበረም፤ ሁለት ጎረምሶች ጄኔሬተር ሊያስነሱ ሮጡ፤ አንዱ አጎት፣ በመልካም ልብ፣ የስፒከሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቅለው መልሰው ሰኩት። ድሮፑ የወረደው ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ስለነበር፣ የሰፈራችን ፕሮዲዩሰር የደከመበትን ምት ብቻውን በማዳመጫው ሰማው።

ማታ ሂሳብ ሲጠይቅ እኚሁ አጎት ብሩን በጥንቃቄ ቆጠሩና ከላዩ የተወሰነውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎደለ እኮ» አላቸው።

«አቦ፣ በሰው ዘፈን ያጫወትክበት ተከፍሎሃል» አሉት፤ «የራስህን ያሰማህበት ሰዓት ግን የማስታወቂያ ነው፤ እሱን የምትከፍለው አንተ ነህ።»