ቡቺ ተከትቧል?

ባለፈው ሰሞን የጎረቤት ልጅ ኳሱን ሊያመጣ ግቢያችን ገባ። ቡቺ ባቱን ነከሰው። ቁስሉ ያን ያህል አልነበረም። እናቱ ግን ሮጣ መጥታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ተከትቧል?»

እናቴን አየኋት። እናቴ ዘበኛውን አየችው። ዘበኛው ቡቺን አየው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሲጮኽልን ያደረ ውሻ ነው፤ መከተቡን ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ጎረቤት ወዲያው ዱላ ይዞ መጣ፤ «ግደሉትና ይለይለት» አለ። ምንም አይለይለትም። የነከሰ ውሻ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ገድለን ከቀበርነው ግን የምንጠብቀውም የምናውቀውም ነገር የለም። ልጁስ? ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጠብንለት፤ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። የውሻው 10 ቀን እስኪሞላ ተብሎ የሰው ክትባት አይዘገይም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውምና።

ቡቺ ደህና ነው፤ ልጁም ደህና ነው። እኔ ግን አፍሬያለሁ።

ችግሩ የገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። «የፈረንጅ ውሻ» የገዛ ሰው የእንስሳት ሐኪም ፍለጋ ከተማውን ያስሳል። የሀበሻ ውሻ ሲሆን ግን «እሱ ጠንካራ ነው፣ ምን ይሆናል?» እንላለን። ቫይረሱ ዘር አይጠይቅም። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገምለታል፣ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ይቀጥላል። ድመትም እንዲሁ። አይጥ ትያዝልን እንጂ ክትባት ምን ያደርግላታል የሚል ብዙ ነው፤ ያበደ ውሻ ከነከሳት እሷም ታስተላልፋለች።

ሌላው ደግሞ የበዓል ጣጣችን ነው። በግ ይታረዳል፤ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ይታያል። «ይህ አይበላም፣ ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። ያ ውሃ የቋጠረው ነገር ብዙ ጊዜ የትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ውሻውን ያሻሸ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ እሱ ያልፋል። ከዓመታት በኋላ በሰው ጉበት ላይ ያንኑ ቋጠሮ ሐኪም በቀዶ ጥገና ያወጣዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥጋ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻው ደግሞ በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይዋጥ። አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ አልነበር? ለቡቺ በዓመት አራቴ ምን ይበዛበታል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ደግሞ መተላለፉ ይቆማል። እኛ ሰፈር ውስጥ የጎዳናዎቹን ጨምሬ ቆጠርኩ፤ 11 ናቸው። ስምንቱ መከተብ አለባቸው ማለት ነው። እስካሁን የተከተቡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቡቺ ነው፣ እሱም ከነከሰ በኋላ።

ይህን አንድ ቤት ለብቻው አይወጣውም። ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ፣ በወር አንድ ቀን ሁላችንንም የሚሰበስብ እድር አለን። ሐኪም አንድ እሁድ ጠርቶ የሰፈሩን ውሾች በሙሉ ማስከተብ አያቅተውም። ለእድሩ ዳኛ ይህንኑ ነገርኳቸው። «ለውሻም እድር?» ብለው ሳቁ።

የእሳቸው ውሻ መቼ እንደተከተበ ጠየቅኳቸው። ዘወር ብለው ዘበኛቸውን አዩት።