ዓሣው የሞተው በቆሻሻ አይደለም

የመጀመሪያ አኳሪየሜን ያጠፋሁት በስንፍና ሳይሆን በትጋት ነው። በወር አንዴ ዓሦቹን ወደ ባልዲ አወጣለሁ። ውሃውን አንዲት ጠብታ ሳላስቀር እደፋለሁ። ጠጠሩን አሻለሁ፣ መስታወቱን እፈትጋለሁ፣ የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ስፖንጅ ቧንቧ ከፍቼ ነጭ እስኪሆን እጨምቃለሁ። ከዚያ ሁሉም ነገር ሲያብለጨልጭ ቆሜ አደንቃለሁ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ አንዱ ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፈት ዘጋ ሲያደርግ አየዋለሁ። በማግስቱ ሞቶ ተንሳፍፎ ይገኛል። እኔም "በደንብ አላጸዳሁትም ማለት ነው" ብዬ በሚቀጥለው ወር የባሰ አጸዳለሁ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው።

ይህን ልማድ ዛሬም ብዙ ሰው ቤት አየዋለሁ። የምለውም አንድ ነገር ነው፦ ውሃ መቀየርና አኳሪየም ማጠብ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን በየሳምንቱ አድርጉት። ሁለተኛውን ተዉት።

ምክንያቱ ዓይን የማያየው ነገር ነው። ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል፤ አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይህን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ይገድላል። ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት እስካልተከማቸ ድረስ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው።

ታዲያ እነዚህ ባክቴሪያዎች የት ነው የሚኖሩት? ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ የፊልተሩ ስፖንጅ፣ ጠጠሩና መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው ያሉት። ያ ቡናማ፣ የሚያንሸራትት፣ ደስ የማይል ነገር ቤታቸው ነው። አዲስ አኳሪየም ውስጥ በቅጡ እስኪደራጁ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ክሎሪን ደግሞ ቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፤ የጠቃሚውንና የጎጂውን ልዩነት አያውቅም። እኔ ስፖንጁን ነጭ ሳደርግ ሠራተኞቹን በሙሉ እየፈጀሁ ነበር።

"ታዲያ ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ለምን እቀይረዋለሁ?" የሚል ይኖራል። አሞኒያም ናይትሬትም ቀለም የላቸውም፤ ጥራት በዓይን አይለካም። ናይትሬት ደግሞ በራሱ አይጠፋም። ዕፅዋት ጥቂቱን ይወስዳሉ፤ የቀረው የሚወጣው በባልዲ ነው። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሳምንት በሊትር 10 ሚሊግራም ናይትሬት የሚጨምር አኳሪየም አለን እንበል። በየሳምንቱ 10 በመቶ ብቻ ብትቀይሩ መጠኑ እየወጣ ወጥቶ 100 አካባቢ ነው የሚረጋው። 25 በመቶ ብትቀይሩ 40 ላይ፣ ግማሹን ብትቀይሩ 20 ላይ ይቆማል። ለአብዛኞቹ የቤት ዓሦች ከ40 በታች ማቆየት ጥሩ ነው። ስለዚህ ሩብ ያህሉን መቀየር መነሻ ይሁናችሁ። ዓሦቹ ከበዙ፣ ወይም እንደ ወርቃማ ዓሣ ብዙ የሚበሉና ብዙ የሚያቆሽሹ ከሆኑ መጠኑን ከፍ አድርጉ።

የተነነውን መሙላት ግን መቀየር አይደለም። ውሃው ይተናል፤ ናይትሬቱና ማዕድኑ እዚያው ይቀራሉ። ብትሞሉም ምንም አላወጣችሁም።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ማሞቂያውንና ፊልተሩን ከኤሌክትሪክ ንቀሉ። ውሃው ሲጎድል ማሞቂያው በደረቁ ግሎ የራሱ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል። ውሃውን የምትቀዱበትን ጎማ በአፍ አትሳቡ። ጎማውን ውሃ ሞልታችሁ ጫፉን በጣት ይዛችሁ ወደ ባልዲው ዝቅ አድርጉት፤ በራሱ ይወርዳል። ሌላውን ጫፍ ጠጠሩ ውስጥ እየወጋችሁ ጉድፉን ሳቡ። በአንድ ቀን ሁሉንም ጥግ ማዳረስ የለባችሁም፤ ዛሬ በቀኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በግራ። ስፖንጁ ውሃ አላሳልፍ ካለ ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት። ቡናማ ሆኖ ይመለስ፣ ግድ የለም። ባልዲው ደግሞ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ ይሁን።

የሚገባው ውሃ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ። ክሎሪንን የሚያመክን ጠብታ ባልዲው ውስጥ ጨምሩ። ውሃውን አንድ ቀን ክፍት አድርጎ ማሳደር የድሮ ዘዴ ነው፤ ለክሎሪን ይሠራል። ለክሎራሚን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር ለተዋሃደ ክሎሪን፣ ግን አይሠራም፤ እሱ በቀላሉ አይተንም። የውሃ አቅራቢያችሁ የትኛውን እንደሚጠቀም ካላወቃችሁ በጠብታው እመኑ። ሙቀቱን በእጅ አትገምቱ፤ በቴርሞሜትር ለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ሁለት ዲግሪ አይለፍ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ።

አሁን ከባዱ ጉዳይ። አኳሪየሙ ለወራት ሳይነካ ከቆየ ደንግጣችሁ ግማሹን አትቀይሩ። እንዲህ ያለ ውሃ ከጊዜ ጋር ወደ አሲድነት ይሄዳል፤ ፒኤቹ ይወርዳል። በዚያ ሁኔታ አሞኒያው ብዙም በማይጎዳ መልኩ ተደብቆ ይቆያል። ብዙ አዲስ ውሃ በአንዴ ሲገባ ፒኤቹ ይዘላል፣ የተደበቀውም ወደ መርዝነቱ ይመለሳል። "ውሃ ስቀይር ነው የሞቱብኝ፣ ስለዚህ አልነካውም" የሚሉ ሰዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። መፍትሔው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ 10 በመቶ ያህል እየቀየሩ ማለማመድ ነው። በአዲስ አኳሪየም ላይ አሞኒያ ወይም ናይትራይት በመመርመሪያ ከታየ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ግማሹን ቀይሩ።

ዕፅዋት ሞልተው፣ ጥቂት ዓሣ ይዘው፣ ለወራት ውሃ የማይቀይሩ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ይሳካላቸዋል። ግን ውሃቸውን እየመረመሩ ነው የሚያደርጉት። መመርመሪያ ሳይኖረው እነሱን የሚጠቅስ ሰው፣ ይቅርታና፣ ሰበብ ነው የሚፈልገው።

የእኔ አኳሪየም አሁን 80 ሊትር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይወጣል፣ ሁለት ይገባል። ሃያ ደቂቃ ነው፣ በቃ። ዓሦቹን ማውጣት ትቻለሁ፤ እንዲያውም ጎማው ሲገባ ምግብ መስሏቸው ይከቡታል። የወጣውን ውሃ አበቦቹ ይጠጡታል፤ ናይትሬት ለእነሱ ማዳበሪያ ነው።