አሥር ቀን ተኝቶ የሚድን ሱስ የለም

«ሱስን በሱስ ለመተካት የመንግሥት ገንዘብ አይወጣም፤ አሥር ቀን አስተኝቶ ማጽዳት ይበቃል።» ሰሞኑን ጎንደር ላይ የጤና በጀት በተነሳ ቁጥር ለኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ላሉ ዕፆች) ሱስ መድኃኒቶች የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ይህ መልስ ሰው ይገድላል።

«ሱስን በሱስ» የሚለው ገና ሲነኩት ይፈርሳል። ፔቲዲን የተባለውን የኦፒዮይድ ማስታገሻ የለመደን ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሐራራው ይይዘዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚባዝነውም ለዚያ ነው። ለሱሱ ሕክምና የሚሰጠው ሜታዶን፣ ራሱ ኦፒዮይድ ቢሆንም፣ በቀን አንዴ ተጠጥቶ እስከ ነገ ያደርሳል። መጠኑ የተስተካከለለት ሰው ሞቅታም ሐራራም የለበትም፤ ማለዳ ጠጥቶ ሥራው ላይ ይውላል።

አሥሩ ቀን ግን የባሰ ጉድ ነው። ሜታዶን በመጀመሪያው ቀን ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ይጀመራል። በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም ቸኩሎ የጨመረ ሐኪም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የታካሚውን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በየጥቂት ቀኑ ከፍ እያለ ብዙዎቹን የሚያረጋጋው ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም ያለው መጠን ነው፤ ይህም ሳምንታት ይፈጃል። አሥረኛው ቀን ላይ እኮ ሕክምናው ገና መንገድ ላይ ነው! ያለ መድኃኒት የሚሸኘው ደግሞ ሐራራው ቢበርድለትም አምሮቱ አልለቀቀውም፤ ሰውነቱ ግን መቻሉን ረስቷል። ወጥቶ የዱሮውን መጠን ሲወስድ፣ ትናንት ያልገደለው ዛሬ ይገድለዋል። «አጸዳነው» የምትሉት ይህንን ነው?

«ታካሚው ራሱ ይግዛ» የሚሉም አሉ። ኪሱ ባዶ ሆኖ ሦስት ቀን ያቋረጠ ሰው የቀድሞ መጠኑ በቀጥታ አይሰጠውም፤ ዝቅ ተደርጎ እንደገና ይገነባል። ቲቢ ይዞት ሪፋምፒሲን ከጀመረ ደግሞ ሜታዶኑ ከደሙ ቶሎ ስለሚወጣ መጠኑ መጨመር አለበት። ይህን ሁሉ በግለሰብ ኪስ ላይ መጣል ሕክምናውን መግደል ነው። ሌላው የሱሱ መድኃኒት፣ ወር የሚያቆየው የቡፕረኖርፊን መርፌ፣ ውድ ነው፣ እውነት ነው፤ የሜታዶን ሽሮፕ ግን ውድ አይደለም።

«ዕድሜ ልክ ማን ይችላል?» ለሚሉ፦ አገራችን የኤችአይቪን መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ እየሰጠች ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሜታዶንና ቡፕረኖርፊንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው በዚያው ዓመት ነው። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኬንያ በ2014 ሜታዶን መስጠት ጀምረዋል። ለጎንደርም የአሥር ቀን አልጋ ሳይሆን የዓመት ሜታዶን በጀት ይያዝ፤ በላዩ ደግሞ ከመጋዘን የማይጠፋ የሦስት ወር ክምችት ይጨመር።