ማስተካከያ፦ የኬንያ ፖሊስ የበላይ አዛዥ አንድ ነው

ናይሮቢ ላሉ ወገኖቻችን ባጋራሁት ጽሑፍ፣ የኬንያ ፖሊስና የአስተዳደር ፖሊስ የበላይ አዛዣቸው የተለያየ ሁለት ተቋማት ናቸው ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቱ ከመጽደቁ በፊት የነበረው አሠራር ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 243 ሁለቱም የአንድ ብሔራዊ የፖሊስ አገልግሎት ክፍሎች ናቸው። አንቀጽ 245 ደግሞ በላያቸው አንድ ኢንስፔክተር ጄኔራል ያስቀምጣል። ሁለት ምክትሎች አሉት፤ አንዱ የኬንያ ፖሊስን፣ ሌላው የአስተዳደር ፖሊስን ይመራል። የወንጀል ምርመራ ዳይሬክቶሬትም ተጠሪነቱ ለእሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ ቅጥርና ዲሲፕሊንን የሚሰጠው ራሱን ለቻለ ኮሚሽን ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ ተነስቼ የሰጠሁት ምክር ነው። «በአንዱ ፖሊስ ላይ ያላችሁን ቅሬታ ለሌላው አቅርቡ» ብዬ ነበር፤ እባካችሁ ይህን አትከተሉ። የፖሊስ አባል በደል ካደረሰባችሁ፣ አቤቱታው የሚቀርበው በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ለተቋቋመው ገለልተኛ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ በተለምዶ አይፖዋ ለሚባለው ነው። ስርቆት ወይም ድብደባ የፈጸመባችሁ ፖሊስ ያልሆነ ሰው ከሆነ ግን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ቃላችሁ እዚያ ኦቢ በሚሉት የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ ይጻፋል። የተመዘገበበትን ቁጥር ሳትይዙ ከጣቢያው አትውጡ፤ በኋላ ጉዳያችሁን የምትከታተሉት በእሱ ነው።

የቀድሞውን ጽሑፍ ለሰው ያስተላለፋችሁ ይህንንም አድርሱልኝ።