ከጽሑፉ ጀምሩ

አንድ ያነበብኩት መጣጥፍ «ለኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ዋናው ጠንካራ ኮምፒውተር ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። የመመረቂያ ጥናቴን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት፤ የአማርኛ ዜናን በየዘርፉ የሚለይ ሞዴል፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ የሚማር ፕሮግራም። ጂፒዩ፣ ማለትም እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያፋጥን የኮምፒውተር ክፍል፣ አልነበረኝም። በኢንተርኔት የጉግልን ኮምፒውተሮች የሚያሠራውን ጉግል ኮላብን በነፃ ተጠቀምኩ። መብራት ሲጠፋ ልፋቴ እንዳይባክን ሞዴሉን በየመሀሉ ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀምጥ ነበር።

ጊዜዬን የበላው ሞዴሉ የሚማርበትን የዜና ጽሑፍ ማጽዳት ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ «ጸሀይ»፣ ሌላው «ፀሃይ» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ሦስት። ሞክሼ ፊደላትን (እንደ ጸ እና ፀ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን) ወደ አንድ ማምጣት ቀላል ይመስላል። ግን ያኔ ፀሐይ «ሠረቀ» እና ሌባ «ሰረቀ» ይደባለቃሉ! እባካችሁ፣ ሞዴል ከመምረጣችሁ በፊት ጽሑፉን በዓይናችሁ አንብቡት። እኔ ያጸዳሁትን ለሚፈልግ ተማሪ በደስታ እሰጣለሁ።