ከጅራታሙ ኮከብ ማንነት በፊት መንገዱን እንጠይቅ

ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በቺሊ፣ ሪዮ ኡርታዶ የሚገኘው የአትላስ ቴሌስኮፕ ከፀሐይ 670 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚጓዝ አንድ ደብዛዛ ነጥብ በፎቶ ያዘ። ይህ ነጥብ ዛሬ 3አይ/አትላስ ተብሎ የሚጠራው፣ ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጭ መምጣቱ የተረጋገጠ ሦስተኛው አካል ነው። ከዚያ ወዲህ በስልኬ የደረሱኝ አብዛኞቹ የአማርኛ ቪዲዮዎች «ማን ላከው?» እያሉ ይጠይቃሉ። እኔ ግን መቅደም የነበረበት ጥያቄ «ከውጭ መምጣቱ በምን ታወቀ?» የሚለው ነው ባይ ነኝ።

ጅራታም ኮከብን አንድ ሌሊት በማየት ብቻ መንገዱን ማወቅ አይቻልም። ተመልካቹ ፎቶ ያነሣል፤ ነጥቡ ቦታቸው አስቀድሞ በትክክል ከሚታወቅ ከዋክብት አንጻር የት እንዳረፈ ይለካል፤ ሰዓቱን ይመዘግብና ሁሉንም የአነስተኛ ፕላኔቶች ማዕከል ወደሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ይልካል። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ የስሌቱን ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ውጤቱን ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። የግኝቱ ዜና እንደተሰማም ባለሙያዎች የቆዩ ፎቶዎቻቸውን መልሰው ሲፈትሹ ነጥቡ ማንም ሳያስተውለው በሰኔ መጀመሪያ፣ እንዲያውም በግንቦት፣ ተነሥቶ ኖሯል።

ከእነዚህ ልኬቶች የወጣ አንድ ቁጥር ነገሩን ቆረጠው። ምህዋር ከክብ ቅርጽ ምን ያህል እንደራቀ የሚገልጽ ቁጥር አለ፤ የምድር 0.017፣ የሃሊ ጅራታም ኮከብ 0.97 ነው። ቁጥሩ ከ1 ካለፈ ፀሐይ ያንን አካል አስራ ልታስቀረው አትችልም፤ ዞሮ የማይመለስ መንገደኛ ነው። እርግጥ በጁፒተር ስበት የተወረወሩ የራሳችን ጅራታም ኮከቦችም 1ን በጥቂቱ ሊያልፉ ይችላሉ። በ2010 ዓ.ም. የተገኘው ኦሙአሙአ ግን 1.2፣ በ2011 ዓ.ም. የተገኘው ቦሪሶቭ 3.36 ሲሆኑ፣ 3አይ/አትላስ ከ6 በላይ ነው። ወደ እኛ የገባው በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ነበር፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ያለውን መንገድ በሁለት ሰከንድ ይጨርሰዋል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚመጣን አካል ፀሐይ መንገዱን ጥቂት ከማጉበጥ ያለፈ ምንም ልታደርገው አትችልም።

ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ በማርስ በኩል የተሠራው ሥራ ነው። አውራ ጣትዎን ከፊትዎ ዘርግተው አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን ቢጨፍኑ ጣትዎ ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታ የለወጠ ይመስላል፤ የሁለቱ እይታዎች ልዩነት የጣትዎን ርቀት ይናገራል። መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጅራታሙ ኮከብ ከማርስ 30 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሲያልፍ፣ ማርስን የምትዞረው የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ መንኮራኩር ሁለተኛዋ ዓይን ሆነች። ካሜራዋ የተሠራው ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ የማርስን መሬት ለማንሣት ነበር። ያም ሆኖ ከእርሷ የተገኘው ልኬት ከምድር ከተገኙት ጋር ሲጣመር የመንገዱ ትንበያ አሥር እጥፍ ያህል ተሻሻለ። ሌላ ፕላኔት ከምትዞር መንኮራኩር የተገኘ እንዲህ ያለ ልኬት በመዝገቡ ሲሰፍር የመጀመሪያው ነው።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የጠፈር ተመራማሪ አቪ ሎብ አካሉ በሌላ ዓለም ፍጡራን የተሠራ ሊሆን ይችላል ሲሉ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ መንገዱ ፕላኔቶች ከሚዞሩበት ገበታ ብዙም አለማዘንበሉ ነው። መጠየቃቸው ነውር የለበትም። ሆኖም በአካሉ ዙሪያ የታየው አቧራና ጋዝ፣ በተለይም የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያገኘው ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የጅራታም ኮከብ ጠባይ ነው። ጥያቄውን እየደጋገመ መልሱን የሚዘል ዘገባ አንባቢውን ይበድላል።

ይህን የምጽፈው የእኛም ድርሻ ስለሚያሳስበኝ ነው። ዓለም አቀፉ የአስትሮይድ ማስጠንቀቂያ መረብ 3አይ/አትላስን ከኅዳር 18 እስከ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. የልኬት መለማመጃ አድርጎት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የጅራታም ኮከብ እምብርት በዙሪያው ባለው የአቧራና የጋዝ ደመና ስለሚሸፈን፣ ደምቆ የሚታየው ነጥብ ትክክለኛው መሐል ላይሆን ይችላል። እነዚህ ወራት የክረምቱ ደመና ተገፎ ሰማያችን የሚጠራባቸው ናቸው። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር ስፋት መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ጌናዲ ቦሪሶቭ ሁለተኛውን እንግዳ ያገኙት በገዛ እጃቸው በሠሩት 65 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ነበር።

3አይ/አትላስ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምድር 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ አልፏል፤ መጋቢት 7 ቀን ደግሞ በጁፒተር አቅራቢያ እንደሚያልፍ ስሌቱ ያሳያል፤ ከዚያ ወዲያ እየደበዘዘ ይሄዳል። ለልምምድ ግን እርሱን መጠበቅ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ጥቂት የፊዚክስ ተማሪዎችን እንጦጦ ያሳድሩ፤ መንገዱ በደንብ የታወቀ አንድ ተራ አስትሮይድ ይምረጡላቸውና ቦታውን ለክተው ውጤታቸውን ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩ። አራተኛው እንግዳ ሲመጣ የሚላከው ልኬት ከእነዚህ ተማሪዎች እጅ ሊወጣ ይችላል።